ሁለት ካሜራ፣ አንድ ፊት

እህቴ የሞተችው በሁለት ካሜራ መካከል ነው። እንዲህ ስል ሰው ሁሉ ነገር ያጋነንኩ ይመስለዋል። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ የጻፈው ሌላ ነው፤ የሐሞት ቱቦ የሚል ቃል አለበት። እኔ ግን የማውቀውን ነው የምናገረው። ባሏ ፎቶ አንሺ ነው፣ እኔ ፎቶ አታሚ ነኝ። የሁለታችንም ኑሮ የቆመው ሌላው ሰው የማያየውን ቀለም በማየት ነው። እሷን ግን ሁለታችንም አላየናትም።

ባሏን ሰፈሩ የሚጠራው «ጋሽ ቀና» እያለ ነው። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለመንጃ ፈቃድ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቀና በሉ!» እያለ ስለኖረ ስሙ እዚያው ላይ ቀረ። እሱ ራሱ ግን ቀና ብሎ አይሄድም። ከዓመታት በፊት ሠርግ ሊያነሳ መሰላል ላይ ወጥቶ ወደቀና ቀኝ ጉልበቱ ተበላሸ፤ ሲራመድ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። «ሰውን ሁሉ አቃንተህ ለራስህ ሲደርስ አለቀብህ» እያልኩ እቀልድበት ነበር። አሁን አልቀልድበትም።

ስቱዲዮው መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ሲሆን በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተከፍሏል። ከፊት እሱ ያነሳል፣ ከኋላ እኔ ኮምፒውተሬና ማተሚያዬ ፊት ተቀምጬ ቀለም እያስተካከልኩ አትማለሁ። በመካከላችን አንዲት ትንሽ መስኮት ተቆርጣለች። ሚሞሪ ካርዱን የሚያቀብለኝ በእሷ ነው፤ ሻይም የሚመጣልኝ በእሷ ነው፣ ስድብም።

እህቴ የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ስለነበረች እኔ የምጠራት እታለም ብዬ ነው። ቀስ በቀስ ደንበኛውም፣ ባሏም ሳይቀር እታለም ማለት ጀመሩ። የስቱዲዮው ሦስተኛ ሠራተኛ እሷ ነበረች። ኮሌታ ታቃናለች፣ ፀጉር ታበጥራለች፣ የሚያለቅስ ሕፃን ታባብላለች። ዋናው ሥራዋ ግን ሌላ ነበር፤ መለኪያ ነበረች። ደንበኛ ከመቀመጡ በፊት እሷ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ባሏ ያነሳታል፣ ስክሪኑን አይቶ መብራቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ቀለሙን ያስተካክላል፣ ከዚያ «በቃ፣ ተነሺ» ይላታል። እሷ ትነሳለች፣ ደንበኛው ይቀመጣል። ሌሎች ፎቶ አንሺዎች ለዚህ የሚጠቀሙት ነጭ ካርቶን ነው። እሱ ግን «ካርቶን ይቆሽሻል። የእሷን ፊት ካወቅኩት ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ እሱ አይለወጥም» ይል ነበር።

በቀን አሥርም ሃያም ጊዜ ትነሳለች። ስቱዲዮው ሲዘጋ የመለኪያ ፎቶዎቹ በሙሉ ይጠፋሉ፤ ካርዱ ለነገ ባዶ መሆን አለበት። ስንት ሺህ ጊዜ እንደተነሳች ፈጣሪ ይወቀው። ግድግዳው ላይ ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን፣ ስሙን የማናውቀው ባለማዕረግ ወታደር ተሰቅሏል። የእሷ የለም። አንድ ቀን ማበጠሪያዋን ይዛ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና ጠየቀችው።

«እኔንስ መቼ ነው የምታነሳኝ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ዛሬ ብቻ አሥራ አራት ጊዜ አንስቼሻለሁ።»

«እሱማ መለካት ነው። ማንሳት ሌላ ነው።»

ሳቅን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኛ ደግሞ ከዚያም ብሰን ወርቁን ሚዛን አድርገን መዳብ ስንመዝንበት ኖርን።

ነገሩ የጀመረው በአሮጌው ካሜራ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ በመስኮቷ አንገቱን አስገብቶ «ይኼ ካሜራ ወደ ቢጫ መሳብ ጀምሯል» አለኝ። ካርዱን ተቀብዬ የእታለምን የመለኪያ ፎቶ ከፈትኩት። እውነትም የዓይኗ ነጭ የቆየ ወረቀት መስሏል፣ ፊቷም ከማውቀው ቀለም ወርዷል። ካሜራው አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ውስጡ ያለችው መስታወት አንዳንዴ ተነስታ ትቀራለች፤ የእጀታው ጎማ ከተላጠ ቆይቶ በፕላስተር ተጠምጥሟል።

«አርጅቷላ ጋሼ! ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። ቢጫውን ቀነስኩ፣ የእታለም ዓይን እስኪነጣ ድረስ ሰማያዊውን ጨመርኩ፣ ያንን ልክ ለሁሉም ፎቶ እንዲሆን አስቀመጥኩት። እሷ ያኔ ከእኔ በሁለት ክንድ ርቀት ቆማ የአንድ ሽማግሌ ኮት እየጠረገች ነበር። አንገቴን በመስኮቷ ባወጣ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ምን ያደርጋል፣ እኔ የማየው ስክሪኑን ነው።

በሳምንቱ ደንበኞች መነጫነጭ ጀመሩ። አንድ ሹፌር የመንጃ ፈቃድ ፎቶውን አየና «ምነው ወንድሜ፣ ከፍሪጅ የወጣሁ አስመሰልከኝ?» አለኝ። አንዲት አስተማሪ ደግሞ «በቁሜ ገነዛችሁኝ እኮ!» ብላ ስድስቱንም ጉርድ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጥላልኝ ሄደች። አገሩ ሁሉ ሰማያዊ ሲሆን ልክ የነበረችው እታለም ብቻ ናት። እሷ ልክ እንድትሆን ነዋ ሌላውን ሁሉ ያበላሸሁት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እኔና ጋሼ ካሜራውን መራገም ያዝን።

በዚያው ሰሞን መዳፏን ታክ ነበር። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት በማበጠሪያው ጥርስ መዳፏንና ክንዷን ስትፎክት አያታለሁ። ምን ሆንሽ ስላት «ሳሙናው ነው» አለችኝ። ምሳዋን ሳትነካ ስትመልስ «ጨጓራዬ ነው» አለችኝ። ከገበያ ስትመለስ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተቀምጣ እንዳረፈች ነገረችኝና «እርጅና ነው» አለች፣ ገና በአርባ ስድስት ዓመቷ። ለሁሉም መልስ ነበራት። እኔም መልሷን ተቀብዬ ወደ ማሽኔ ለመመለስ እቸኩል ነበር።

ጋሼ አዲስ ካሜራ ሊገዛ ቆረጠ። የምረቃው ወቅት ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤ የዓመቱ ሲሳያችን ያኔ ነው። አቅማችን ለአንድ ካሜራ እንጂ ለሁለት አይበቃም፣ ስለዚህ ክርክሩ ቤቱን ሞላው። አንደኛው ምርጫ ሚረርለስ የሚሉት ነው። ውስጡ እንደ አሮጌው መስታወት የለውም፣ ሌንሱ እየተፈታ ይቀየራል፣ የታሰበው ደግሞ ለጀማሪ የሚሸጠው ረከስ ያለው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ሱፐርዙም ነው። ሌንሱ ከአካሉ አይላቀቅም፣ ኮት ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫውን ሲያስረዝም ግን ከሜዳ ማዶ የቆመ ሰው ቅንድብ ይቆጥራል።

«የሚረርለሱ ዓይን ትልቅ ነው» እላለሁ እኔ። «ጨለምለም ያለ ቤት ውስጥም ያያል።»

«ሌንሱ አጭር ነዋ! በምረቃ ቀን የሚያቆሙን ከገመዱ ውጭ ነው። በዚህች ሌንስ መድረክ ላይ የወጣው ተመራቂ ጉንዳን ነው የሚያክለው። ሮጬ ልጠጋ? በየትኛው ጉልበቴ?»

«ረጅሙ ሌንስ በኋላ ይገዛለታል።»

«በኋላ፣ በኋላ! በኋላ የሚባል ሌንስ በየትኛው ሱቅ ነው የሚሸጠው?»

«ሱፐርዙሙ ደግሞ ፀሐይ ከሌለች ያልቅለታል። ቤት ውስጥ ያነሳኸው ሁሉ አሸዋ የተነፋበት ነው የሚመስለው።»

«ለስቱዲዮው መብራት አለኝ፤ አንተን ምን አስጨነቀህ?»

እንዲህ ስንባባል ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ምሳ ላይ እታለም ሾርባዋን በማንኪያ እያማሰለች፣ ወደ አፏ ሳታደርስ፣ «ቤት ውስጥ የሚያነሳውን ግዛ። እኔ ሜዳ ላይ አልኖርም» አለች።

«አንቺ ደግሞ! እኔ ስለ ሥራ ነው የማወራው» አላት። እሷም ሳህኗን አንስታ ወጣች።

ካሜራውን ልንመርጥ ሦስታችንም ሄድን። እሷ ልትቀር ፈልጋ ነበር፣ ደክሟት ነበርና። ጋሼ «ያላንቺ በምን ልለካ?» አላትና መጣች። ሱቁ ፊቱ ሙሉ በሙሉ መስታወት ስለሆነ የቀን ብርሃን እንደ ልብ ይገባበታል። ባለሱቁ ምላሱ የሚጣፍጥ፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ሰው ነው። ሁለቱን ካሜራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ በሁለቱም የራሱን ካርድ ከተተባቸውና «ሞክሩ፣ መሞከር በነፃ ነው» አለን።

እታለም ማንም ሳይጠይቃት ሄዳ መስታወቱ አጠገብ ቆመች። የለበሰችው የቅቤ መልክ ያለው ሹራብ ነበር። ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ የካሜራ ካርቶኖች ተደርድረዋል። አገጯን ትንሽ አነሳች፣ ትከሻዋን ለቀቀች፣ ሃያ ዓመት ያደረገችውን አደረገች። ጋሼ መጀመሪያ በሚረርለሱ አነሳትና ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፋን። ፎቶ አንሺ ካሜራ ሲመርጥ ፊት አያይም። ያጎላዋል፣ አሁንም ያጎላዋል፣ ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ ይለያል፣ ጠርዙ ጠራ ወይስ ደበዘዘ ይላል። ጋሼም አጎላው። በመጨረሻ የእህቴ የዓይን ነጭ ስክሪኑን ሞላው፤ ቢጫ ነበር።

«ይኸውልህ!» አለ ጋሼ እንደተሰረቀ ሰው። «ይኼም ያው ነው! አዲስ ሆኖ ቢጫ!»

«የሹራቧ ቀለም ፊቷ ላይ እየመታ ይሆናላ» አልኩ እኔ አዋቂው።

ባለሱቁ «ችግር የለም፣ ቀለሙ በማስተካከያ ይስተካከላል» አለ።

«አሮጌውንም ሳስተካክል ነው የከረምኩት። ለማስተካከልማ እሱ ምን አነሰኝ?»

ሱፐርዙሙን አነሳ። ይኼኛው ካሜራ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ፊት እንዲያሳምር የተሰናዳ ነው። ፊት ካገኘ ሳይጠየቅ ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ጥርስና ዓይን ያነጣል። ባለሱቁ ይህን የነገረን እንደ ትልቅ ጸጋ ነው፤ እኛም የሰማነው እንደዚያው ነው። እታለም ስክሪኑ ላይ ፊቷ የለሰለሰ፣ ዓይኗ ወተት የመሰለ፣ የሠላሳ ዓመት ሴት ሆና ወጣች።

«ይኸው! እታለም ማለት ይቺ ናት!» አለ ጋሼ። ደስ ብሎት ጉልበቱን ሳይቀር ረሳው።

እሷ ጠጋ ብላ ሁለቱንም አየች። ዝም ብላ ብዙ አየች። ከዚያ ሚረርለሱን በጣቷ ነካ አድርጋ «እኔ ግን እኔን የምመስለው እዚህኛው ላይ ነው» አለች።

«ኧረ አንቺ እንዲህ አትመስይም!» አላት ባሏ። ሊያሞግሳት ብሎ ነው።

«እሺ፣ እንዳልክ» አለችና ባዶ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ሱፐርዙሙ ታሸገልን። እህቴ ያን ቀን ሕመሟን ይዛ ሁለት ባለሙያዎች ፊት በቀን ብርሃን ቆማ ነበር። ሁለቱም የመረመሩት ካሜራውን ነው።

እውነቱን ለመናገር ሱፐርዙሙ ሥራውን ሠራ። የምረቃው ወቅት ሲደርስ ጋሼ ከገመዱ ውጭ አጥሩን ተደግፎ፣ አንዲት እርምጃ ሳይራመድ፣ መድረክ ላይ የወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ እየጎተተ አመጣው። እናቶች የልጆቻቸውን እንባ ፎቶው ላይ ሲያዩ እንደገና አለቀሱ። ከፍሪጅ ወጣሁ የሚል ደንበኛ ጠፋ። እኔም ያንን ሰማያዊ ልክ ከኮምፒውተሬ ላይ አጠፋሁት። ሁሉም ሰው አማረ።

እታለምም በየቀኑ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ በየቀኑም አምራ ትወጣለች። የቅቤ መልክ ያለው ሹራብ ሰፍቷት ከትከሻዋ መንሸራተት ሲጀምር በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ለመቀመጥም ለመነሳትም የወንበሩን መደገፊያ መያዝ ጀመረች። እሱ ስክሪኑን ያያል፣ «በቃ፣ ተነሺ» ይላል። ስክሪኑ ላይ ደህና ነበረቻ!

መጨረሻ ላይ ያየቻት የማታውቃት ሴት ናት። ነርስ ናት፣ ለሥራ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ነበር የመጣችው። እታለም ኮሌታዋን ልታቃናላት ጎንበስ ስትል ነርሷ እጇን ያዘቻት። ምንም ሳትናገር ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰደቻትና በአውራ ጣቷ የታችኛውን የዓይን ሽፋኗን ሳብ አደረገች።

«እህቴ፣ ዓይንሽ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ምን ሆነ?» አለች እታለም።

ነርሷ ወደ ጋሼ ዞረች። «አብራችኋት ነው የምትውሉት?»

ጋሼ ካሜራውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔ በመስኮቷ አንገቴን አወጣሁ። ያኔ አየሁ። የእህቴ ዓይን እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነበር። አንገቷም፣ ኮሌታ የሚያቃኑት ጣቶቿም ቢጫ ነበሩ። እኔ በየነገሩ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» እያልኩ የምምል ሰው ነኝ። ለካ ካደረገው ቆይቷል።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ሳምንት ከተመረመረች በኋላ ሐኪሙ እኔንና ጋሼን ጠራን። እሷ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀረች። ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ሣለልን፤ ይኼ ጉበት፣ ይኼ የሐሞት ቱቦ፣ ይኼ እብጠቱ። እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ ቱቦውን ሲዘጋው ነው አሉ ቢጫው የሚወጣው። አሁን ግን ጉበቷ ላይ ተበትኗል፤ ቀዶ ጥገና አይረዳትም።

«ቢጫው መቼ ነው የጀመረው?» ሲል ጠየቀን።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ጋሼ ግን ወሩን ብቻ ሳይሆን ቀኑን ነገረው። ማክሰኞ። ካሜራው ወደ ቢጫ መሳብ የጀመረበትን ቀን የሥራ ደብተሩ ላይ ጽፎት ነበር።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አራት ወር አልፎታል እኮ። ያኔውኑ አይታችሁት ነበር ማለት ነው?»

«አይቼው ነበር» አለ ጋሼ። «ካሜራው መስሎኝ ነው።»

ሐኪሙ አልገባውም፣ እኛም አላስረዳነውም። «ያኔ ብትመጣ እንሞክርላት ነበር» ብቻ አለን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ማንም ያውቃል። እኛ ቅጠሉን በእጃችን ይዘን እሳቱ ምን ዓይነት ቀለም አለው ስንባባል ነው የከረምነው።

ነገሩን ስንነግራት አላለቀሰችም። እኔን «አይዞህ» አለችኝ፤ ይኼ እስካሁን አንጀቴን ይበላኛል። ለባሏ ደግሞ «እንግዲህ አንሳኝ። እዚሁ፣ ቤቴ ውስጥ» አለችው። እሱም አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፣ ትራሱን ከፍ አደረገላት፣ ሱፐርዙሙን አመጣ። ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነው፣ ፍላሽ ደግሞ ዓይኗን ያማታል። ያለ ፍላሽ አነሳት። ካሜራው ፊት አገኘና የለመደውን አደረገ። ስክሪኑ ላይ የወጣችው ፊቷ የፕላስቲክ አሻንጉሊት የመሰለ፣ ዓይኗ የነጣ ሴት ናት።

እታለም አየችውና «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች።

ጋሼ እጁ እየተንቀጠቀጠ ማሳመሪያውን አጠፋው። ደግሞ አነሳ። አሁን የወጣው አሸዋ ብቻ ነው፤ ዓይን ይሁን ጉንጭ የማይለይ። ሦስተኛ ሞከረ፣ አራተኛ ሞከረ። «ተወው በቃ፣ ደክሞኛል» አለችው። በሦስተኛው ሳምንት አረፈች።

ለቀብሩ ፎቶ ሲጠየቅ ቤቱን ገለባበጥነው። ካርዶቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ኮምፒውተሬ ውስጥ የስንቱ ባዕድ ጉርድ ፎቶ ተቀምጦ የእሷ አንድ የለም። በመጨረሻ ከአሮጌ መታወቂያዋ ላይ ቀድቼ አተምኩት፤ የማህተሙ ግማሽ ትከሻዋ ላይ እንዳለ። አንዲት ለቀስተኛ ፎቶውን አይታ «የፎቶ ቤት ሰዎች ሆናችሁ ከዚህ የተሻለ አጣችሁ?» አለች። ክፋት አልነበራትም። ልመልስላት አፌን ከፍቼ መልስ አጣሁ።

ከሁለት ወር በኋላ የማተሚያ ወረቀት አልቆብኝ ወደዚያ ባለ መስታወት ሱቅ ሄድኩ። በሩን ገፍቼ እንደገባሁ እታለም ከግድግዳው ላይ አየችኝ። ሁለት ሆና ጎን ለጎን ተሰቅላለች፣ እያንዳንዱ ክንድ በሚያህል ወረቀት። በግራ ሚረርለሱ ያነሳት፣ በቀኝ ሱፐርዙሙ ያነሳት። ከታች «ልዩነቱን አይተው ይምረጡ» ተብሎ ተጽፏል። ባለሱቁ ያን ቀን በራሱ ካርድ የቀሩትን ፎቶዎች አትሞ ኖሯል።

ፎቶዎቹ ፊት እጅ ለእጅ የተያያዙ አንድ ወጣትና አንዲት ልጅ ቆመው ነበር።

«የቀኙ ያምራል» አለች ልጅቷ። «የግራዋ ሴትዮ ግን አሟታል እንዴ?»

«ኧረ የካሜራው ቀለም ነው» አላት ልጁ።

እግሬ ተያዘ። ልጅቷ እህቴን አታውቃትም፣ ስለ ካሜራም አታውቅም። አንድ ጊዜ ፊቷን አየችና ጠየቀች። በዚህ ዓለም ላይ ያን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ይኸው ብቻ ነበር።

ጠጋ ብዬ የግራውን አየሁት። ከእታለም ኋላ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ካርቶኖቹ ነበሩ።

ባለሱቁ አወቀኝ። «ውይ፣ አንተ ነህ! ሱፐርዙሙ እንዴት ነው? ሴትዮዋስ ደህና ናቸው?»

«ሞታለች» አልኩት።

ሰውየው ደነገጠ፣ ወዲያው ወንበር ላይ ወጥቶ ሁለቱንም አወረደልኝ። የፎቶዎቹንም ፋይል በፍላሽ ዲስክ ገልብጦ ሰጠኝ፣ የወረቀቱንም ዋጋ አልቀበልም አለ። የቀኙን እዚያው ተውኩለት። የግራውን ጠቅልዬ ሄድኩ።

መንገዱን ሙሉ ለጋሼ ላሳየው ወይስ ልደብቀው እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ቢያየው ምን ሊፈይድለት? ግን ደግሞ ከዚህ ሌላ የእሷ የሆነ ነገር የለንም። ስደርስ ደንበኛ አልነበረም። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ቁልቁል አየው። አነሳውና እያነከሰ ወደ በሩ፣ ነርሷ ወደ ቆመችበት ብርሃን ወሰደው። እዚያ ቆሞ ቆየ።

«ካርቶኑ ነጭ ነው» አለ።

«አዎ ጋሼ።»

«ከኋላዋ ያለው ካርቶን ወተት ነው። ካርቶኑ ነጭ ከሆነ ካሜራው ልክ ነበር።»

ይህን ሥራ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ነገር ነው። ነጭ ነገር ፈልግ፤ ነጩ ነጭ ከሆነ ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ያን ቀን ሁለታችንም ከዓይኗ አልፈን ወደ ኋላዋ አላየንም። ጋሼ በሩን ተደግፎ አለቀሰ፤ በቀብሯም ቀን እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም። እኔም ከኮምፔርሳቶው ኋላ ገብቼ አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይቶ በመስኮቷ አንገቱን አስገባ።

«ትልቅ አድርገህ አትምልኝ። ቀለሙን እንዳትነካው።»

ፋይሉን ከፈትኩት። ዓይኗ ስክሪኑን ሲሞላው እጄ የለመደውን ሊያደርግ ወደ ቢጫው ሄደ። እጄን በሌላው እጄ ይዤ መለስኩት። አተምኩት። እታለም ከነቢጫዋ ወጣች፣ ትንሽ ደክሟት፣ አገጯን አንስታ፣ ራሷን መስላ።

አሁን ግድግዳው ላይ ከሙሽሮቹና ከተመራቂዎቹ በላይ ተሰቅላለች። አንዳንድ ደንበኛ ያያታል፣ ህትመቱ ተበላሽቷል ይለኛል። አልመልስም። ጋሼ ስለ ሌላ ካሜራ አያወራም፤ ሱፐርዙሙን ማሳመሪያውን አጥፍቶ ይሠራበታል። ለመለኪያ የሚጠቀመው እንደ ሌላው ፎቶ አንሺ በነጭ ካርቶን ነው። ደንበኛ ሲመጣ ካርቶኑን ወንበሩ ላይ ያቆመዋል፣ ያነሳዋል፣ ስክሪኑን ያያል፣ መብራቱን ያስተካክላል። ከዚያ ካርቶኑን «በቃ፣ ተነሺ» ይለዋል።